ወገኖቼ፣ የትምህርት ቤቱን ቦንድ ሳታነቡ አትጣሉት

በሲያትል ዙሪያ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። በሬንተን፣ በኬንት፣ በሲታክ፣ በቡሪየን ያላችሁ ደግሞ በተለይ ስሙኝ።

የምርጫ ወረቀት በፖስታ እስከ ቤታችን ድረስ ይመጣልናል። መልሰን ለመላክ ቴምብር እንኳ አንገዛም። የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲሆን ቤተሰቡ በሙሉ ይሯሯጣል። በፌብሩዋሪ ወይም በኤፕሪል የትምህርት ቤት ቦንድ ሲመጣ ግን ፖስታው ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ተጠቅልሎ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። ይሄ ያሳዝነኛል። እዚያው ቤት ውስጥ እኮ ሦስት ተማሪ አለ!

መጀመሪያ ቦንድ ምን እንደሆነ እንወቅ። ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ተበድሮ ህንጻ ይሠራል፤ ዕዳውን እኛ በፕሮፐርቲ ታክስ ለረጅም ዓመታት እንከፍላለን። ቤት በሞርጌጅ እንደመግዛት ነው። የቦንድ ገንዘብ ለመምህር ደሞዝ አይውልም። ለደሞዝና ለዕለት ሥራ ማሟያ የሚጠየቀው ሌቪ የሚባለው ነው። ሲያትል ከተማ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ዲስትሪክታችሁ (የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው አካል) ህንጻውንም የሚያሠራው በሌቪ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ለዩ።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። በዋሽንግተን ስቴት የትምህርት ቤት ሌቪ ከግማሽ በላይ ድምጽ ካገኘ ያልፋል። ቦንድ ግን 60 በመቶ ያስፈልገዋል። ከመቶ ሰው 59ኙ ደግፎ 41ዱ ከተቃወመ ቦንዱ ወደቀ። በዚህ ላይ ድምጽ የሰጠው ሰው ቁጥር ባለፈው አጠቃላይ (የኖቬምበር) ምርጫ ከመረጠው ቢያንስ 40 በመቶ መሆን አለበት። ስለዚህ «እኔ ባልመርጥ ማንንም አልጎዳ» አትበሉ። የፕሬዚዳንት ምርጫ ካለፈ በኋላ በሚመጣው ፌብሩዋሪ፣ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ብዛት ብቻውን ቦንዱን ሊጥለው ይችላል።

ይሄ በጎረቤታችን ደርሷል። ብዙዎቻችን የምንኖርበት የሃይላይን ዲስትሪክት እ.ኤ.አ. በ2014 ቦንድ ጠይቆ ነበር። ከግማሽ በላይ መራጭ ደገፈው፤ 60 ግን አልሞላም፤ ወደቀ። በ2015 እንደገና ጠየቁ፣ እንደገና ወደቀ። ያለፈው በ2016 ነው። አዲሱ የሃይላይን ሃይስኩል ህንጻ የተከፈተው በ2021 ነው። በ2014 ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ አዲሱን በር ሳያይ ተመርቆ ወጣ። በእነዚያ ሁለት ምርጫዎች ወረቀቱን ሳይመልስ የቀረ የእኛ ሰው ስንት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ህንጻ ቅንጦት የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል ልጃችሁ የሚማርበትን ፖርታብል፣ ከዋናው ህንጻ ውጭ ግቢ ውስጥ የተቀመጠውን ጊዜያዊ ክፍል፣ ሄዳችሁ እዩት። ብዙዎቹ ውስጥ ሽንት ቤት የለም። የሰባት ዓመት ልጅ ጃኬቷን ለብሳ፣ ጓደኛ ይዛ፣ በዝናብ ግቢውን አቋርጣ ዋናው ህንጻ ሄዳ ትመለሳለች። ስትመለስ ጫማዋ ርሷል፣ ትምህርቱም ካለችበት አልፏል።

እኛ ለትምህርት የማንሰስት ሕዝብ ነን። ለትውልድ መንደራችን ትምህርት ቤት ጣሪያ አዋጡ ሲባል ያለንን እናወጣለን። ደግ እናደርጋለን። እዚህ ልጆቻችን የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ግን የሌላ ሰው ጉዳይ አድርገነዋል።

እኔ በግሌ ብዙ ጊዜ «አዎ» ነው የምለው። አንብባችሁ፣ አስባችሁ «አይ» ካላችሁ ግን አከብራችኋለሁ። ታክሱ የሚከብደው ሰው አለ፣ አውቃለሁ። ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። የሚጠየቀው በቤታችሁ ዋጋ በየ1,000 ዶላሩ ነው። ለምሳሌ 1 ዶላር ቢሆን፣ 600,000 ዶላር የተገመተ ቤት በዓመት 600 ዶላር ይከፍላል። ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፦ አዲስ ጭማሪ ነው ወይስ ተከፍሎ የሚያልቅ የድሮ ቦንድ የሚተካ? ከምርጫው በፊት የሚላክላችሁን የመራጮች መጽሔት ግለጡ። ማብራሪያው፣ የደጋፊውም የተቃዋሚውም ክርክር እዚያው አለ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጃችሁን አስነብቡ፤ ስለሱ ትምህርት ቤት ነው የተጻፈው። ተከራይ ነኝ የምትሉም አትራቁ። ባለቤቱ የሚከፍለው ታክስ ዞሮ ዞሮ ኪራያችሁ ውስጥ ይገባል።

እናቶችና አባቶች ደግሞ ይህን ስሙ። 61 ዓመት የሞላችሁ ወይም በአካል ጉዳት መሥራት የማትችሉ፣ በራሳችሁ ቤት የምትኖሩና ገቢያችሁ ከተወሰነው ጣሪያ የማያልፍ ከሆነ፣ ከቦንድ ታክስ ነጻ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ግን በራሱ አይመጣም። ማመልከት አለባችሁ። በካውንቲው የቤት ግምት ቢሮ ጠይቁ። ይህን መብት ሳያውቁ ለዓመታት የሚከፍሉ አዛውንቶች አሉን፤ ወጣቶቹ ፎርሙን ሞልታችሁ አስገቡላቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ እባካችሁ እንዳትመዘገቡ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ «መራጭ ሆነው ይመዝገቡ?» ቢሏችሁ ዜጋ አይደለሁም በሉ። ዜግነት ሳይኖራችሁ ብትመርጡ ነገ የዜግነት ማመልከቻችሁን ሊያበላሽ፣ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። ዜጋ የሆናችሁ ደግሞ ምንም ሰበብ የላችሁም።

እንዲሁም የቤተሰቡን ወረቀት ሁሉ ሰብስቦ ለሚስቱም ለእናቱም የሚሞላ አባወራ አለ። ተው! አንብቦ ማስረዳት፣ ስትጠየቅ መርዳት ይቻላል። መወሰንና መፈረም ግን የባለቤቱ ነው። በሌላ ሰው ስም መፈረም ወንጀል ነው። እጃቸው መፈረም ያቃተው ካሉ ምልክት አድርገው ሁለት ምስክር ይፈርሙላቸው፤ ሕጉ ይፈቅዳል።

ፊርማን በተመለከተ አንድ የእኛ ችግር አለ። አንዳንዶቻችን መንጃ ፈቃድ ላይ በእንግሊዝኛ ፈርመን፣ የምርጫው ፖስታ ላይ በአማርኛ እንፈርማለን። ምርጫ ቢሮው ፊርማውን ከመዝገቡ ጋር ያመሳስላል። ካልገጠመ ድምጹ አይቆጠርም፤ ደብዳቤ ይልኩላችኋል። ያን ደብዳቤ ማጭበርበሪያ መስሏችሁ አትጣሉት። ውጤቱ ከመጽደቁ በፊት ካስተካከላችሁ ድምጻችሁ ይቆጠራል። እንደ ፌብሩዋሪና ኤፕሪሉ ባለ ልዩ ምርጫ ያላችሁ ጊዜ ደግሞ አጭር ነው፤ ውጤቱ በ10 ቀን ይጸድቃል። ፖስታው ሳይመለስ የምርጫው ቀን ከደረሰባችሁ በፖስታ ቤት አትላኩት። ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት በአቅራቢያችሁ ያለው የምርጫ ሳጥን ውስጥ በእጃችሁ ክተቱት።