ሕዝብ የሞላባት፣ ሰው የሌላት ከተማ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 «ሳይበርፐንክ 2077» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ሲወጣ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብዙ ተስቆበታል። ሱሪው የጠፋበት ሞተረኛ፣ እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ እንደተገተረ የሚንሸራተት ወንበዴ፣ ቆሞ ከነበረበት ድንገት ወደ ሰማይ የሚስፈነጠር መኪና፤ ማኅበራዊ ሚዲያው በእነዚህ ተጥለቅልቆ ሰንብቷል። ሳቁ ተገቢ ነው። ስምንት ዓመት ያስጠበቀ፣ በ60 ዶላር የተሸጠ ጨዋታ እንዲህ ሆኖ ከመጣ ይሳቅበት። የምሰጋው እየሳቅን ዋናውን ጉዳይ እንዳናልፈው ነው። ብልሽት ይጠገናል። የዚህ ጨዋታ ሕመም ግን ከብልሽቱ የቀደመ፣ ብልሽቱንም ራሱን የወለደ ነው፦ ከሚችለው በላይ ትልቅ ሊሆን መመኘቱ።

ለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ጨዋታውን የሠራው መቀመጫውን ዋርሶ ያደረገው የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው «ዊቸር 3» የተባለ ጨዋታ የተጫዋቾችን አመኔታ በገፍ አትርፏል፤ በዚህ ጨዋታ የመነዘረውም ያንን አመኔታ ነው። «ሳይበርፐንክ»ን ይፋ ያደረገው በ2012 ሲሆን፣ መነሻው አሜሪካዊው ማይክ ፖንድስሚዝ በ1988 ያሳተመው፣ ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው በወረቀትና በእርሳስ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ናይት ሲቲ በተባለች ምናባዊ የካሊፎርኒያ ከተማ ነው። በዚያች ከተማ የሚገዙት እንደ ጃፓኑ አራሳካ ያሉ ኩባንያዎች ናቸው፤ ነዋሪውም ክንዱንና ዐይኑን በማሽን ያስለውጣል። ተጫዋቹ ቪ የሚባል ቅጥረኛ ይሆናል፤ ቪ ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል። አንድ ትልቅ ዝርፊያ ይከሽፍና የሞተ ሰው ማንነት የተቀዳበት ቺፕ በቪ ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል። ሟቹ ጆኒ ሲልቨርሃንድ የተባለ የሮክ ሙዚቀኛ ነው፤ ድምፁና መልኩ የኪያኑ ሪቭስ ነው። ቺፑ የቪን አእምሮ ቀስ በቀስ እየወረሰው ስለሆነ የቀረው ዕድሜ በሳምንታት የሚቆጠር ነው።

ከመልካሙ ልጀምር፤ መልካሙ ጥቂት አይደለምና። ናይት ሲቲን የነደፉት ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። በተለይ ዋትሰን የተባለው ሰሜናዊ ክፍል ድንቅ ነው። ቪ የሚኖርበት ሕንፃ ብቻውን አንድ ቀበሌ ያህላል፤ እዚያው ፎቅ ላይ ምግብ ይሸጣል፣ የጦር መሣሪያ ይሸጣል፣ ቦክስ ይሠለጠናል፣ ጥግ ላይ ሁለት ፖሊሶች የባልደረባቸውን በር እያንኳኩ ይለምኑታል። ወደ ካቡኪ ገበያ ሲወርዱ ጎዳናው በጎዳና ላይ ተነባብሮ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ከማስታወቂያው ጋር ተጠላልፎ፣ ሰማዩ በጠባብ ስንጥቅ ብቻ ይታያል። ከተማዋ የተሠራችው ቀና ብለው እንዲያዩዋት ነው፤ ቀና ሲሉም የትንሽነት ስሜት ይወርራል። ጨዋታው በሙሉ ከቪ ዐይን እንዲታይ መወሰኑ በ2018 ሲነገር ብዙዎችን አስከፍቶ ነበር። ውሳኔው ትክክል እንደነበረ አሁን ለመመስከር አላመነታም።

ንግግሮቹም ከዚሁ ውሳኔ ተጠቅመዋል። በሌሎች ጨዋታዎች ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ተገትረው ይተያያሉ። እዚህ ግን ሰውየው እያወራ ይነሣል፣ ሲጋራ ይለኩሳል፣ ግድግዳ ይደገፋል፣ ሲያፍር ፊቱን ያዞራል። በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ አንድ ሰው ይሞታል፤ ማን እንደሆነ አልናገርም። ተጫዋቹ አስከሬኑን ለቤተሰቡ ለመላክ ከመረጠ፣ እናቱ በመጠጥ ቤቷ ውስጥ በሜክሲኮዎች ወግ የመታሰቢያ ሥርዓት ታዘጋጃለች። ቪ ከሟቹ ዕቃዎች አንዱን መርጦ ይሄዳል፤ በተሰበሰበው ሰው ፊትም ጥቂት ቃል ይናገራል። የሟቹ ፍቅረኛ ከእናትየው ጋር ስለማይዋደዱ ለመግባት ትፈራለች። አንዲት ጥይት አይተኮስም። ለቅሶ ደርሶ የሚያውቅ ሰው የዚያን ክፍል ዝምታ፣ የዐይን መሸሹን፣ ሐዘን ሁለት ባላንጣዎችን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ያለውን አየር ወዲያው ይለየዋል። ከእነዚህ ጸሐፊዎች ገና ብዙ መጠበቅ ይቻላል።

ዴላሜይን የተባለ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመራ የታክሲ ድርጅትም አለ። መኪኖቹ አምፀው ጠፍተውበት ቪ እንዲመልስለት ይማጸናል። ከመኪኖቹ አንዱ ሊገጭ ይመጣል፤ ሌላው ኑሮ መርሮት ራሱን ውኃ ውስጥ ሊከት ቆርጧል፤ እሱን አባብሎ መመለስ ነው ሥራው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ብሬንዳን ነው። ብሬንዳን ገንዘብ ሲከፍሉት መክሰስና መጠጥ የሚሰጥ የመንገድ ዳር ማሽን ነው። ደንበኞቹን ያውቃል፣ ብሶታቸውን ይሰማል፣ ቪን ጓደኛው ያደርገዋል። የሚደርስበትን ለራሳችሁ ተዉት። የአንድ መሸጫ ማሽን ዕጣ ያሳዝነኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

አሁን ከብሬንዳን ፊት ዞር ብላችሁ ጎዳናውን ጨዋታው ሲወጣ እንደነበረ እዩ። ሕዝቡ ይርመሰመሳል፤ አለባበሱም ልዩ ልዩ ነው። ከመካከሉ ግን አንድም የሚሄድበት ያለው የለም። ስታናግሩት አንድ ቃል ወርውሮ ዝም ይላል። ጥይት ስትተኩሱ መንገደኛው ሁሉ በአንድ ዓይነት አኳኋን ቁጢጥ ይላል። ለአፍታ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ስትዞሩ ሕዝቡ ተነቅሎ ሌላ ተተክሏል። መኪናችሁን ዳር አቁማችሁ ብትወርዱ ከኋላ የመጣው ሾፌር ዞሮ ማለፍ አያውቅም፤ እዚያው ተሰልፎ ይቀራል። ፖሊሱ ደግሞ ይብስ ነበር። ሰው በማይደርስበት ጣሪያ ላይ ጥፋት ቢፈጸም እንኳን ከየትም ሳይመጣ ከጀርባ ይበቅል ነበር፤ ሁለት መንገድ ከተሸሸ ግን ሁሉን ይረሳ ነበር። በመኪና ማሳደድ የሚባል ነገር ጭራሽ አልነበረም። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት የወጡ ጨዋታዎች እኮ በመኪና የሚያሳድድ ፖሊስ ነበራቸው። ይህ ሁሉ ባይነገርለት ኖሮ ይታለፍ ይሆናል፤ ኩባንያው ግን በ2018 ባሳየው ረጅም ቪዲዮ ናይት ሲቲ በ«ክፍት ዓለም» ጨዋታዎች፣ ማለትም ተጫዋቹ እንደፈለገ በሚዘዋወርባቸው ጨዋታዎች ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ የምትታመን ከተማ እንደምትሆን ነግሮናል።

አንድ ማሽን ነፍስ ሲኖረው ሕዝቡ ነፍስ ያጣው ለምንድን ነው? ብሬንዳንን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለጻፈው ነው። ለሕዝቡ ግን ጸሐፊ አይበቃውም፤ ሕዝብን የሚያኖረው ሥርዓት ነው፣ ሥርዓቱም አልተሠራም። ሲዲ ፕሮጄክት ታሪክ በመጻፍ የተካነ ቤት ነው። ከተማ ማኖር ግን ሌላ ሙያ ነው፤ ያንን ሙያ ለመማር ከባዱን፣ ውዱንና ብዙ ሰው የሚመለከተውን ሥራ መርጧል።

ይበልጥ የሚቆጨኝ ይህ ምኞት ከታሪኩ ላይ የቀነሰው ነው። ተጫዋቹ ሲጀምር ከሦስት አስተዳደጎች አንዱን ይመርጣል፦ የበረሃ ዘላን፣ የሰፈር ልጅ ወይም የኩባንያ ሰው። መግቢያዎቹ ሦስቱም ጥሩ ናቸው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ግን ሁሉም አንድ መንገድ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ቪና ጃኪ ዌልስ የልብ ወዳጅ የሆኑባቸው ወራት በአንዲት አጭር ቪዲዮ ይታለፋሉ፤ አብረው ሲበሉ፣ ሲሰርቁ፣ ሲስቁ እናያለን፤ እኛ ግን አልነበርንበትም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሐዘን ሁሉ የቆመው በዚህ ወዳጅነት ላይ ነው። መጫወት የነበረብን እነዚያን ወራት ነበር! በፋንታቸው የተሰጠን ካርታ ነው፤ በምልክት ብዛት መንገዱ የማይታይ ካርታ። ቪ ሞቱ እየቀረበ ደም እየተፋ፣ ደላሎች በየደቂቃው መልእክት እየላኩ ያገለገለ መኪና ካልገዛህ ይሉት ነበር። ታሪኩ «ጊዜ የለህም» ሲል ካርታው «ምን አስቸኮለህ» ይላል፤ ሁለቱ ተነጋግረው የሚያውቁ አይመስሉም።

ወደ ብልሽቱ ልመለስ፤ እሱም የመጠን ልጅ ነው ብያለሁና። ፕሌይስቴሽን 4 እና ኤክስቦክስ ዋን በ2013 የወጡ ኮንሶሎች፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኙ የጨዋታ መሣሪያዎች ናቸው። ተጫዋቹ በመኪና ሲከንፍ ከፊቱ ያለው ሰፈር በሙሉ፣ ሕንፃው፣ መብራቱ፣ ሕዝቡ፣ ከሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ተነቦ መድረስ አለበት። ጨዋታው በወጣበት ሰሞን አይደርስም ነበር። ስለዚህ ግድግዳው እንደ ጭቃ ደብዝዞ ይቆይ ነበር፣ እግረኛው ይሳሳ ነበር፣ በሴኮንድ የሚታየው የምስል ብዛት ከ20 በታች ወርዶ ጨዋታው ይንገጫገጭ ነበር፣ ደጋግሞም ይዘጋ ነበር። ዘመናዊ ግራፊክስ ካርድ በተገጠመለት ኮምፒውተር ያለችው ናይት ሲቲና በእነዚህ ኮንሶሎች ያለችው አንድ ከተማ ናቸው ብሎ ለመናገር ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

ኩባንያው ይህንን ያውቅ ነበር ወይ? የኩባንያው ኃላፊ በኅዳር ወር ጨዋታው በነባሮቹ ኮንሶሎች ላይ በሚያስገርም ሁኔታ ጥሩ እንደሚሠራ ለባለሀብቶች ተናግረዋል። ከሽያጩ በፊት ለሐያሲዎች የተሰጠው ግን የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ነበር፤ በመጀመሪያው ግምገማቸው ራሳቸው የቀረጹትን ምስል እንዳያሳዩም ተከልክለው ነበር። በዚህ መልኩ ከ100 ወደ 90 የሚጠጋ አማካይ ነጥብ ወጣ፤ ገዢው ያየው ያንን ነው። ጨዋታው በዲሴምበር 10 ወጥቶ በአራተኛው ቀን ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፤ በነባሮቹ ኮንሶሎች ላይ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ አለማሳየቱንም አመነ። በሳምንቱ የፕሌይስቴሽን ባለቤት የሆነው ሶኒ ጨዋታውን ከኢንተርኔት መደብሩ አውጥቶ ገንዘብ እንደሚመልስ አስታወቀ። በዚህ ስፋት የተጠበቀ ጨዋታ ከዚያ መደብር ሲወገድ ማየት ያልተለመደ ነገር ነው። ስለ ብልሽቱ ይቅር ማለት አይከብደኝም። ስለ ድብብቆሹ ግን ይከብደኛል፤ የተጎዳው አዲስ መሣሪያ መግዛት የማይችለው ሰው ነውና። አዲስ አበባ ውስጥ ያሉትን የፕሌይስቴሽን ቤቶች የሚያውቅ ሰው ይህ ማንን እንደሚመለከት ይገባዋል፤ በእነሱ ዘንድ ፕሌይስቴሽን 4 አሮጌ የሚባል ዕቃ አይደለም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። እዚህ ግን ትጥቁ ስምንት ዓመት ፈጅቷል። ከኤፕሪል ወደ ሴፕቴምበር፣ ከሴፕቴምበር ወደ ኖቬምበር፣ ከኖቬምበር ወደ ዲሴምበር፤ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ተራዘመ። ሠራተኞቹም በግድ ትርፍ ሰዓት አይሠሩም ተብሎ ቃል ከተገባላቸው በኋላ፣ ማብቂያው ላይ በሳምንት ስድስት ቀን እንዲገቡ ታዘዙ። አሥር ተጨማሪ ቅዳሜ ቢጨመር የሚያልቅ ሥራ አልነበረም። የሚያስፈልገው አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ተነሥቶ «የከተማዋን ግማሽ እንተው» እንዲል ነበር። ዋትሰን ብቻዋን ብትሆን ኖሮ፣ ሕንፃዎቿ የሚገቡባቸው፣ ጎረቤቶቿ ስም ያላቸው፣ የዚያች ልጇን ያጣች እናት መጠጥ ቤትም በእግር የሚደረስበት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ስለ ሌላ ጨዋታ እናወራ ነበር።

ኩባንያው እስከ ዲሴምበር 20 ቀን 2020 ድረስ ከ13 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሸጡን አስታውቋል፤ የተመለሰው ተቀንሶ ማለት ነው። የአክሲዮኑ ዋጋ በበኩሉ በዚያ ወር ከአንድ ሦስተኛ በላይ ወርዷል። በ2021 ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ትልልቅ ማስተካከያዎች እንደሚመጡም ቃል ተገብቶ ነበር። ማስተካከያ መዘጋቱንና መንገጫገጩን ሊያቃልል ይችላል፤ ፖሊሱንም መንዳት ሊያስተምር ይችላል። በአጭር ቪዲዮ የታለፉትን ወራት የሚመልስ ማስተካከያ ግን አይታየኝም።

ጥሩ ኮምፒውተር ያለው ሰው ይግዛ፤ ሲገዛም የካርታውን ምልክቶች ትቶ ስም ካላቸው ሰዎች ጋር ይዋል። ፓናም፣ ጁዲ፣ ታኬሙራ፣ እነሱ ያሉበት መንገድ ሁሉ ያዋጣል። ፕሌይስቴሽን 4 ወይም ኤክስቦክስ ዋን ያለው ያን ጊዜ ቢያንስ እስከ ፌብሩዋሪ 2021 መታገሥ ነበረበት። ከውጭ በመጣ ሰው እጅ ዲስኩ የደረሰው ደግሞ ማስተካከያዎቹን ሳያወርድ አይክፈተው፤ ፋይሉ በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት ስለሆነ በሞባይል ዳታ የሚሞከር አይደለም፤ ዲስኩ ላይ ያለው ቅጂም ከሁሉ የከፋው ነው።