ቴሌስኮፑ ሲሠራ በር ይሠራለት

ራሱ የተበላ ብሎን ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ጋራዥ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ያንን ጭንቀት ከምድር 550 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በወፍራም ጓንት ውስጥ ሆናችሁ አስቡት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2009 ጠፈርተኛው ማይክ ማሲሚኖ ሀብል ቴሌስኮፕ ላይ የገጠመው ይኸው ነው።

የሄደው ስቲስ የሚባለውን፣ የከዋክብትን ብርሃን በየቀለሙ የሚለየውን መሣሪያ ሊጠግን ነበር። መሣሪያው ከ2004 ጀምሮ ኤሌክትሪኩ ተበላሽቶ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ክዳኑን ለማንሳት ከ100 በላይ ጥቃቅን ብሎኖች መፈታት አለባቸው። እነሱ እንዳይበተኑ መያዣ ተዘጋጅቷል፣ ልምምዱም በደንብ ተደርጓል። ጣጣው የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው። ከክዳኑ ፊት ያለውን የእጅ መያዣ ካሰሩት 4 ብሎኖች የአንዱ ራስ ተበላ፤ መፍቻው ይሽከረከራል፣ ብሎኑ ግን ንቅንቅ አይልም። ምድር ላይ ያሉት መሐንዲሶች በተመሳሳይ መያዣ ላይ ሞክረው በጉልበት እንዲገነጥለው ነገሩት። ስብርባሪው እንዳይበር በፕላስተር ጠቀለለውና ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተተው። ተነቀለ። የዚያ ቀን ሥራ 8 ሰዓት ፈጀ።

ለምን ይህን ያህል ከበደ? ስቲስ ውስጡ ጠፈር ላይ ይከፈታል ተብሎ አልተሠራም። ሀብል ራሱ ግን ለጥገና ታስቦ ነው የተሠራው፤ ዋና ዋና መሣሪያዎቹ እንደ መሳቢያ ወጥተው ሌላ ይገባባቸዋል። በ1990 ሲመጥቅ የመስታወቱ ጠርዝ ከፀጉር ውፍረት 50ኛ እጅ በሚሆን ስህተት ተሞርዶ ስለነበር ምስሉ ደብዝዞ መጣ። በ1993 ጠፈርተኞች ሄደው መነጽር እንደማለት ያለ ማረሚያ ገጠሙለት። የሚከፈት በር ባይኖረው ኖሮ ያኔ አብቅቶለት ነበር።

ጄምስ ዌብ ይህ ዕድል የለውም። 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት ቴሌስኮፕ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው። በግንቦት 2022 ከ18ቱ መስታወቶቹ አንዱን ጥቃቅን የጠፈር ድንጋይ መታው። መሐንዲሶቹ ከምድር ሆነው መስታወቱን አስተካክለው ጉዳቱን በከፊል አካካሱት፣ መቀየር ግን አይታሰብም። በሠሩት ሰዎች አልፈርድም፤ ቅዝቃዜና ርቀት ለሥራው ግድ ነው። የሚቀጥለውን ግን እንደዚህ አሽጎ መላክ ይቅር።

አሮጌውን ከማስታመም አዲስ መሥራት ይሻላል የሚሉ አሉ። ጠፈርተኞቹን ወደ ሀብል ያደረሷቸው የማመላለሻ መንኮራኩሮች ጉዞ ውድ ስለነበር ክርክሩ መሠረት አለው። ግን አዲሱ መቼ ነው የሚደርሰው? ጄምስ ዌብ መጀመሪያ ሲታሰብ በ2007 ገደማ ይመጥቃል ተብሎ ነበር። የመጠቀው በ2021 መጨረሻ ነው። ሀብል ለዓይናችን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ያያል፣ ጄምስ ዌብ አያይም፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሮማን ቴሌስኮፕም አያይም። ያንን ሥራ የሚረከበው የናሳ ቴሌስኮፕ ሃቢታብል ወርልድስ ነው፤ እሱ ደግሞ ከ2040ዎቹ በፊት አይጠበቅም።

እስከዚያ ሀብልን ማን ያቆየዋል? መንኮራኩሮቹ በ2011 ጡረታ ወጡ። በ2009 ከተገጠሙት 6 ጋይሮዎች፣ ማለትም አቅጣጫ ጠባቂዎቹ፣ በ2024 ሁለት ብቻ ቀርተው በአንዱ መሥራት ጀመረ፤ ሌላው ለክፉ ቀን ተቀምጧል። ከፍታውም ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው። በግል መንኮራኩር ከፍ እናድርገው የሚለው ሐሳብ ከ2022 ጀምሮ ተጠንቶ ናሳ በ2024 ለጊዜው ይቆይ አለ፤ ሲነካ ይበላሻል ብሎ ፈራ። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ዝም ብሎ ማየትም እኮ መጨረሻው መውደቅ ነው።

ደስ የሚለው ሐሳቡ አልሞተም። በመስከረም 2025 ናሳ ስዊፍት የሚባለውን ቴሌስኮፕ በሮቦት ይዞ ከፍ እንዲያደርግ ካታሊስት ለተባለ ድርጅት 30 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል፤ ስዊፍት ደግሞ ጭራሽ ለመያዝ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ቻይናዎች ሹንቲያን የተባለውን ቴሌስኮፕ ያቀዱት ከጠፈር ጣቢያቸው ጋር በአንድ ምህዋር እንዲሄድና ጥገና ሲያስፈልገው ተጠግቶ እንዲገጠም ነው። ሃቢታብል ወርልድስም በሮቦት እንዲጠገን ታስቧል። የምፈራው በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይህ የጥገና ዝግጅት እንዳይሆን ነው፤ መያዣው፣ የነዳጅ መሙያው አፍ፣ ተስቦ የሚወጣው ሳጥን። ንድፉ ገና ወረቀት ላይ እያለ እነዚህን ማንም እንዳይነካቸው መጮህ ያለብን አሁን ነው።