ስለ ፏፏቴው ስናወራ ድንጋዩን አንርሳው

ባሕር ዳር ውስጥ ለውስጥ መንገድ ሲሠራ፣ ኮብልስቶን የሚጠርቡ ልጆች ዳር ዳሩን ተደርድረው ይቀመጣሉ። ሰሞኑን አንዱ ጋ ቆም አልኩ። መዶሻው ለሁለት የከፈለውን ጥቁር ድንጋይ ወደ እኔ አዞረና፣ "ጋሼ፣ ይቺ አረንጓዴ ነገር ምንድን ናት?" አለኝ። ከስንዴ ፍሬ የምታንስ፣ ጠርሙስ የመሰለች ነገር ናት። ኦሊቪን ትባላለች አልኩት። ከዚያ ስለ ማንጋያ አጫወትኩት።

ማንጋያ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። የዛሬ 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ አላት። በ2013 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች እዚያ ኦሊቪን ውስጥ ታሽጎ የቀረ ድኝ ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። የድኙን አይሶቶፖች ለኩ። አይሶቶፕ ማለት ንጥረ ነገሩ ያው ሆኖ ክብደቱ ለየት የሚል አቶም ነው። ምጣኔው እንግዳ ሆነባቸው። እንዲህ ያለ ምጣኔ የሚመጣው አየሩ ኦክስጅን ባልነበረው ዘመን፣ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የድኝ ጋዝ ሲመታ ነው። ያ ዘመን ካለፈ ከ2 ቢሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል።

እስቲ አስቡት። ድኙ ከሰማይ ወርዶ ባሕር ወለል ላይ አረፈ። ወለሉ ወደ ማንትል፣ ከምድር ቅርፊት በታች ወዳለው ወፍራም የአለት ንጣፍ፣ ሰጠመ። ስንት ዘመን እዚያ ከርሞ፣ ከጥልቅ ሽቅብ የሚወጣ የጋለ አለት ይዞት ተመለሰ። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

እርሳስ የሚባለው ብረትም ይመሰክራል። የባሕር ወለል ሲሰጥም ውሃው እርሳሱን ይዞበት ይሄዳል፣ ዩራኒየሙ በብዛት ይቀራል። የዩራኒየም 238 ግማሹ ወደ እርሳስ 206 ለመለወጥ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ እርሳስ 206 የበዛበት ላቫ የድሮ ወለል ሳይቀላቀልበት አልቀረም ይባላል።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና፣ "የኛስ ድንጋይ?" አለ።

የኛም ወግ አለው። የደጋው ወፍራም ጥቁር ድንጋይ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ አብዛኛው በ1 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ፈሶ የተነባበረ ነው። ከኢትዮጵያና ከአፋር በተወሰዱ ላቫዎች ውስጥ የሂሊየም ጋዝ ሁለት አይሶቶፖች፣ የሂሊየም 3 ከሂሊየም 4 ጋር ያለው ምጣኔ ከአየር እስከ 20 እጥፍ ገደማ ደርሷል። ከውቅያኖስ መሃል የሚወጣው ላቫ 8 እጥፍ አካባቢ ነው። ልዩነቱ የጥልቅ ምንጭ ምልክት ነው። ጣናን በስተደቡብ የገደበው ላቫ ግን ዕድሜው ከደጋው ድንጋይ በጣም ያንሳል፣ ልጅ ነው።

ይህን ለምን እላለሁ? ባለፈው ክረምት እንግዶች ይዤ ጢስ ዓባይ ወርጄ ነበር። አስጎብኚያችን ጎበዝ ልጅ ነው። የፏፏቴውን ቁመት ነገረን፣ ውሃው መቼ እንደሚሞላ ነገረን፣ ፎቶ የሚያምርበትን ቦታ አሳየን። ውሃው የሚወድቅበትን ድንጋይ ግን ማንም አላነሳውም። ልጁን አልወቅስም፣ ማን አስተምሮት? ቅር ያለኝ በሥልጠናው ነው። ግማሽ ቀን ለድንጋዩ ቢመደብለት ምን ነበረበት? ላብራቶሪ አይጠይቅም። ኪሱ ውስጥ ኦሊቪን ያለባት አንዲት ስባሪ ይያዝ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ያውጣትና አረንጓዴዋን ፍሬ ያሳይ፣ ስለ ማንጋያ ይንገር። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።