ቀዩን እስክሪብቶ ያላስቀመጠው ፕሬዚዳንት

ጅማ ውስጥ የቀድሞ የኮሌጅ ኃላፊ ስም ሲነሳ ወሬው ሕንፃ ነው። «ያንን ፎቅ ያሠራው እሱ ነው» ይባላል። የማንን ጽሑፍ እንዳረመ የሚጠይቅ የለም። ይሄ ይቆጨኛል።

ሰሞኑን ስለ ዊሊያም ሬይኒ ሃርፐር ሳነብ ነበር። አሜሪካዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1856 የተወለደ። በ18 ዓመቱ ከዬል ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያዘ (እኛ በዚያ ዕድሜ ማትሪክ ነበር የሚያስጨንቀን)። ሙያው ዕብራይስጥ ነው። በ1884 «ሄብራይካ» የሚባል የሴማዊ ቋንቋዎች መጽሔት አቋቁሞ ራሱ ያዘጋጅ ነበር። በባለሀብቱ በሮክፌለር ገንዘብ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ታዲያ እስክሪብቶውን አላስቀመጠም። ማስተማሩንም ማረሙንም ቀጠለ። በካንሰር ታሞ እንኳ በ1905 የአሞጽና የሆሴዕ ማብራሪያውን አሳተመ። በቀጣዩ ጥር በ49 ዓመቱ አረፈ። መጽሔቱ ስሙ ተቀይሮ ዛሬም ይወጣል።

«ፕሬዚዳንት ጊዜ የት አለው?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ስብሰባው ብቻ ሰው ይጨርሳል። ሃርፐርም ራሱን አላሳረፈም። ግን በዓመት ሁለት ጽሑፍ ከነሰንጠረዡ ያረመ ኃላፊ የመምህሩን ድካም በሪፖርት ሳይሆን በዓይኑ ያየዋል።

ለጅማ ነገሩ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ መጽሔት የተጀመረው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ቡለቲን ሆኖ ነው። ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ ተዋህደው በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከመባላቸው በፊት ማለት ነው። ፎቁ ሳይበዛ ወረቀቱ ነበረ። ተማሪዎችም ለማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ደብተር ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ያ ደብተር በመጨረሻ የሚያርፈው አርታዒ ፊት ነው።

ባለፈው የአንድ ወጣት መምህር ጽሑፍ እጄ ገባ። ቡና ቀርቦልኝ ነበር። ናሙናው 422 ቤት ይላል። በሙያው ያለ ሰው ቁጥሯን ያውቃታል፤ ለናሙና በተለመደው 384 ላይ መልስ ለማይገኝባቸው 10 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር ነው። ሰንጠረዡን ደመርኩት፣ 405 መጣ። አቦሉ ቀዘቀዘ። እንደገና ደመርኩ፣ ያው 405።

ጻፍኩለት። በሦስተኛው ቀን መለሰ፦ «ጋሼ፣ 17ቱን ቤት ሦስቴ ሄደን ዝግ ነበር። መጻፉን ረስቼው ነው።»