ጋሼ፣ እስኪ አንተ ምረጥልኝ

ባለፈው እሑድ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ የድሬዳዋ ሱቆች በራቸውን ከርችመው፣ ነዋሪው በየጥላው ተጋድሞ፣ የከዚራ ጎዳና ለዛፎቹና ለጥቂት ፍየሎች ብቻ በተተወበት ሰዓት፣ እኔም ሽርጤን አገልድሜ በረንዳዬ ላይ ጋደም ብዬ፣ መብራት በመጥፋቱ ቀጥ ብሎ የቆመውን ቬንትሌተሬን በትዝብት እየተመለከትኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ ፊንላንድ የሚኖረው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነበር። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የሚያስገነባውን ቤት የምቆጣጠርለት እኔ ስለሆንኩ የሲሚንቶ ወይም የብረት ዋጋ ሊጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሰላምታውን ሲጨርስ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ለጓሮው ሳውና ላስገባ አስቤያለሁ። ሦስት ዓይነት አይቻለሁ፤ እስኪ አንተ ምረጥልኝ» አለኝ።

ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ቴርሞሜትር ቀና ብዬ አየሁት። 36 ይላል።

ሳውናን በሆቴል ማስታወቂያ ብቻ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ፊንላንዳውያን በጣውላ በተለበጠች ጠባብ ክፍል ውስጥ ምድጃ ያስቀምጣሉ፤ በምድጃው ላይ ድንጋይ ይከምራሉ፤ ክፍሉ 80 ወይም 90 ዲግሪ ሲደርስ ልብሳቸውን አውልቀው ይገቡና መደብ ላይ ይቀመጣሉ። ይህ አልበቃ ብሏቸው በጋለው ድንጋይ ላይ በጭልፋ ውሃ ያፈሱበታል፤ ከድንጋዩ ለሚነሣው እንፋሎትም «ሎይሊ» የሚል የራሱ ስም አውጥተውለታል። ሕዝባቸው 5.5 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን ሳውናቸው 3 ሚሊዮን ያህል ነው ይባላል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2020 ይህንን ባህላቸውን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮላቸዋል። በዚህ ሁሉ ቅር አይለኝም። ሐይቁ በክረምት ድንጋይ ሆኖ የሚከርምበት ሕዝብ እሳት ቢወድ የሚነቅፈው ማን ነው? የእኔ ጥያቄ ይህ እሳት ሳቢያን ድረስ ምን ሊያደርግ እንደሚመጣ ነው።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ሌላው ሰው ተረት የሚወደው ለምክሩ ነው፤ እኔ ይህንን የምወደው ምክር ስለሌለው ነው። «እንዲህ አድርግ» አይል፣ «እንዲያ አታድርግ» አይል፤ የሰውየውን አንገት አይቶ፣ የነበረውንና የተጨመረውን ቆጥሮ ዝም ይላል። እንቅርት አዮዲን በዝናብ ታጥቦ በሄደበት የደጋ አፈር የሚበዛ በሽታ ስለሆነ፣ ተረቱን ያወጣው ሰው ደገኛ ሳይሆን እንደማይቀር እጠረጥራለሁ። ቆለኛ ቢሆን ኖሮ ሌላ ምሳሌ ይመርጥ ነበር። ደግሞም ጆሮ ደግፍ ቢብስ ቢብስ በዐሥር ቀን ይለቃል፤ ሳውና ግን ኮንክሪት ላይ የሚተከል ነገር ነው።

እኛ ድሬዳዋዎች እዚህ ሙቀት ውስጥ የተገኘነው ወደን እንዳይመስላችሁ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር፤ ተራራውን መውጣት ከባድና ውድ ሆኖ ስለተገኘ በ1895 ዓ.ም. እታች ሜዳው ላይ ደረሰና ከተማ ተቆረቆረበት፤ «አዲስ ሐረር» የሚል ስምም ወጣለት። በግልጽ አማርኛ፣ የሐረር ሰው ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ማታ ማታ ጋቢ ሲደርብ እኛ 1,200 ሜትር ላይ የምንጠበሰው ባቡሩ ዳገት ስለጠላ ነው። አሮጌው ባቡር አገልግሎቱን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ የእኔ ቂም ግን እስከ ዛሬ በሰዓቱ ይነሣል። ከዚያ ወዲህ ያለው ትውልድ ሁሉ ሥራው ከዚህ ሙቀት ላይ አንድ ዲግሪ መቀነስ ሆኗል፤ ዛፍ ተከለ፣ በረንዳ ሠራ፣ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ተኛ፣ ሲብስበት ነፋስ ፍለጋ በሐረር መንገድ ወደ ቀዝቃዛው ደንገጎ ተራራ ወጣ። አሁን ደግሞ ተጨማሪ 50 ዲግሪ በኮንቴይነር አስጭኖ የሚያመጣ የከተማው ልጅ ተገኘ።

ቢሆንም አማች ነውና፣ ደግሞም «አንተ ምረጥልኝ» መባል ደስ የማይለው ሰው ስለሌለ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጉዳዩን ሥራዬ ብዬ መረመርኩት።

የመጀመሪያው በርሜል የሚመስለው ነው። በብረት ቀለበት የታሰሩት ጣውላዎች ሲያዩዋቸው ያምራሉ፤ ክቡ ቅርጽ ባዶ ጥግ ስለማይተው ክፍሉ ቶሎ ይሞቃል። ነገር ግን ጣሪያው ዝቅ ያለ በመሆኑ ከፍ ያለ ሁለተኛ መደብ አይይዝም፤ ሙቀት ደግሞ ወደ ላይ ወጪ ስለሆነ የተቀመጠው ሰው ራሱ ሲበስል እግሩ ጥሬ ይቀራል። በዚያ ላይ ጣውላ በደረቅ አየር ይኮማተራል። የግንቦት አየር እንጨት ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የእኔን የጓዳ በር ማየት ይበቃል፤ በክረምት በትከሻ የሚዘጋው በር በበጋ ድመት ታልፍበታለች።

ሁለተኛው ትንሽ ጎጆ የሚመስለው ሲሆን የእኔም ልብ ያረፈው በእሱ ላይ ነበር። ግድግዳው ሙቀት የሚይዝ ነገር የተጠቀጠቀበት ነው፤ ሁለት መደብ አለው፤ አየር ከምድጃው አጠገብ ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል፤ ውስጡ ቫርኒሽ አይቀባም፤ ገላ በሚነካበት ቦታም የሚስማር ራስ አይታይበትም፣ ብረት ከጋለ ያቃጥላልና። ችግሩ ምድጃው ነው። የኤሌክትሪኩ ለአንድ ሜትር ኪዩብ አየር አንድ ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል። ወርዱና ቁመቱ ሁለት ሁለት ሜትር፣ ጣሪያው ከሁለት ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ክፍል ስምንት ኪሎዋት ይጠይቃል ማለት ነው። ስምንት ኪሎዋት ስንት እንደሆነ ለባለቤቴ ሳስረዳት «ሁለት የእንጀራ ምጣድ በአንድ ጊዜ» አልኳት፤ ወዲያው ገባት። በእኛ ሰፈር አንድ ምጣድ ሲለኮስ የጎረቤት ቴሌቪዥን ዓይኑን ያርገበግባል። የእንጨቱ ምድጃ ከመብራት ጣጣ ነፃ ያወጣል፤ ነገር ግን አንዲት እናት ከተራራው በጀርባዋ ተሸክማ ያወረደችውን ማገዶ ገዝቼ፣ ድሮውንም ላብ በላብ የሆነን ሰው ለማላብ የማነደው በየትኛው ዓይኔ እያየኋት እንደሆነ አላውቅም። እዚህ ላይ ቀልዴ ትንሽ ቀነሰ።

ሦስተኛው ኢንፍራሬድ የሚሉት ነው። ድንጋይም ውሃም የለውም፤ ገላን በቀጥታ በጨረር ያሞቃል፤ ክፍሉ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ቢደርስ ነው። ወግ አጥባቂ ፊንላንዳውያን ይህንን ሳውና ብለው አይጠሩትም። ቁጥሩን ለቤቱ አናጺ ስነግረው፣ «60 ብቻ ከሆነማ ጋሼ በቆርቆሮ ልሥራው፤ እኩለ ቀን ላይ በሩን መዝጋት ነው» አለኝ። ተሳሳቅን። ከዚያ እሱ ራሱ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ የሚኖረው ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ በሆነ ክፍል ውስጥ መሆኑ ትዝ አለኝና እኔ ሳቄን አቆምኩ፤ እሱ አላቆመም። በየወሩ ኪራይ ከፍሎ በግድ የሚያልብ ሰው በሞላበት ከተማ፣ ለማላብ ሲባል በውጭ ምንዛሪ ጓሮ ውስጥ ሁለተኛ ቤት መሥራት ምን ዓይነት ጥጋብ እንደሆነ ለአማቼ ልጽፍለት ብዬ ተውኩት። ቤቱን እየሠራሁለት ነውና።

ድንጋይ ከየት ይምጣ የሚለው ክርክር ብቻውን አንድ ከሰዓት በልቷል። ጎረቤቶቼ የሮቃ ጭማቂያቸውን እየጠጡ በአንድ ድምፅ «ደቻቱ ሞልቶ!» አሉ። የወንዝ ድንጋይ ውስጡ እርጥበት ስለሚቋጥር ሲግል ሊሰነጠቅና ሊፈናጠር እንደሚችል አስረዳሁ። ያልነገርኳቸው ሌላ ምክንያትም ነበረኝ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ከተማችንን የሚያቋርጠው ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ሰውና ቤት ጠርጎ ሲወስድ ያደረገውን የማስታውስ ሰው ነኝና ድንጋዩን ለመዝናኛ ብዬ አላነሣም።

በመጨረሻ ሁለተኛውን መርጬ፣ ምክንያቶቼን በዝርዝር ጽፌ ሐሙስ ማታ ላክሁ። መልሱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መጣ። «በጣም አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ሁሉም ትክክል ነው» ካለ በኋላ አንድ ፎቶግራፍ አስከተለ። በርሜሉ ነው። ሒሳቡ ከተከፈለ ወር ሆኖታል፤ ዕቃውም ወደ ጅቡቲ ተጭኗል።

«ምረጥልኝ» ስባል የሚያመኝ አሮጌ ቁስል አለኝ። የዛሬ 18 ዓመት ይኸው ሰው ሊያገባ ሲል ዘመድ ተሰብስቦ «በሬ የምታውቅ አንተ ነህ፤ ሂድና ምረጥልን» ብለው ከብት ገበያ ሰደዱኝ። ስለ በሬ የማውቀው ቁርጡን ብቻ ነበር። ሆኖም በመታጨቴ ኮርቼ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሜ ጥርስ ገልጬ አየሁ፣ ሻኛ ዳበስኩ፣ ከደላላ ጋር ተነታረክሁ፤ በስተመጨረሻም ደረቱ የሰፋ ቀይ በሬ መርጬ ከኪሴ ቀብድ ከፈልኩ። ቤት ስመለስ ሌላ በሬ ታርዶ፣ ቆዳው አጥር ላይ ተሰጥቶ፣ ዱለቱ ሲከተፍ ደረስኩ። የተገዛው ከሁለት ቀን በፊት ነው። ታዲያ እኔን ለምን ላካችሁኝ ብዬ ስጠይቅ «ያንተም ሐሳብ ይኑርበት ብለን ነው» አሉኝ። ቀብዱን እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም።

ይህ የእሱ ብቻ ጠባይ ቢሆን ዝም እል ነበር። ልጅቷና ልጁ ቀን ቆርጠው፣ አዳራሽ ይዘው፣ የጥሪ ካርድ አሳትመው ሲያበቁ ሽማግሌ ተልኮ «ፈቃዳችሁ ከሆነ» የሚባልበት አገር ነው ያለነው። ግድግዳውን ሮዝ ቀብቶ ቀለሙ ሳይደርቅ «ምን ዓይነት ልቀባው?» የሚል ጎረቤት አለኝ። ነጭ ይሻላል ካልኩት ይቀየማል፤ ሮዝ ይሻላል ካልኩት «እኔም እንዲሁ አስቤ ነበር» ይለኛል፤ ዝም ካልኩ ኩራተኛ እባላለሁ። የሚፈለገው ምክሬ አይደለም፤ ነገሩ ሲበላሽ «እሱም ነበረበት» የሚባል አንድ ሰው ነው።

ይህንን ሁሉ ለባለቤቴ ስዘረዝርላት ወንድሟ ነውና አልጣማትም። እናቷ ከወለዱ በኋላ የወይባ ጢስ ይገቡ እንደነበር፣ እኔ ራሴ ጉንፋን ሲይዘኝ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ባሕር ዛፍ እንደምታጠን፣ ኤረር ፍል ውሃ ሄደን በላብ ተጠምቀን ስንመለስ ያመሰገንኩት እኔ እንደነበርኩ አስታወሰችኝ። «አንተን የሚያቃጥልህ ሙቀቱ ነው ወንድሜ?» አለችኝ። ፊንላንዳውያን ከሳውና ሲወጡ ሐይቅ ውስጥ ወይም በረዶ ላይ እንደሚዘሉ፣ የእኛ ሮቶ ግን ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ቀሽር (የቡና ገለባ) ለማፍላት ትንሽ እንደሚቀረው ነገርኳት። እሷም ምንም ሳትጨነቅ፣ «ከ85 ዲግሪ ለወጣ ሰው እኮ ድሬዳዋ ደንገጎ ትሆንለታለች» ብላ ወደ ጓዳዋ ገባች። ይህ ክርክር ትክክል በመሆኑ እስካሁን እንደተናደድኩ ነኝ።

ትናንት ደግሞ ደወለ። መብራት መጥቶ ቬንትሌተሬ ገና መዞር መጀመሩ ነበር፤ ስለዚህ በትዕግሥት አነሣሁት። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀርታለች። የሳውናው በር ወደ የት ይዙር? ይህንን አንተ ምረጥልኝ» አለኝ። ለጥያቄው እንደማልሸነፍ ምዬ ነበር፤ ነገር ግን አፌ ቀደመኝና፣ ሰው ሲወጣ ነፋስ እንዲያገኘው ወደ ተራራው በኩል ይሁን፣ ከምሥራቁ አጥርም ራቅ ይበል፣ ከፊቱ አንድ የኒም ዛፍ ይተከል ብዬ አብራራሁለት። በጣም አመሰገነኝ።

ዛሬ ጠዋት ቦታውን ልለካ ሜትር ይዤ ሳቢያን ስሄድ ግንበኛው ኮንክሪቱ ላይ ውሃ ሲያጠጣ አገኘሁት። ትእዛዙ በስልክ በቀጥታ ለእሱ ተሰጥቶት ሮብ ዕለት ሞልቶ ጨርሷል። የበሩ ቦታ በሁለት ብሎኬት ምልክት ተደርጎበታል፤ የዞረውም በምሥራቁ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ወደሚጨሰው የጎረቤት እንጀራ መጋገሪያ ነው።