ለክቡር ቀይ መብራት፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ እንዲጠፉልን ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

ጤናዎ እንዴት ነው ብለን አንጠይቅዎትም። ከዓርብ ጀምሮ ሳሎናችን ውስጥ ሆነው እያየንዎት ነው። ብልጭ፣ ድርግም። እናቴ የኢንተርኔት ሞደሙን ባለበሰችው ዳንቴል ቀዳዳ ሳይቀር ብቅ ይላሉ።

ከጎንዎ ኤል፣ ኦ፣ ኤስ የሚሉ ፊደላት አሉ። ሲግናል ጠፍቷል ማለት ነው አሉን። እኛማ ማዕረግዎ መስሎን ነበር።

እርስዎን ለማግኘት ሰባት ወር ጠብቀናል። ቅጽ ሞላን። የመታወቂያ ኮፒ፣ የካርታ ኮፒ፣ ከዚያ የጠፋው ኮፒ ኮፒ። "ፖርት የለም" ተባልን። ፖርት ምን እንደሆነ ሳናውቅ "ፖርት ገባ?" ስንል ከረምን፣ ልክ እንደ ቀበሌ ዘይት። በመጨረሻ ፋይበር መጣ። ባለሙያዎቹ ግድግዳ በሱ፣ ቡና ጠጡ፣ አረንጓዴ መብራት አሳዩን፣ ሄዱ። ይህ ሐሙስ ነበር።

አሁን ዓርብ የሆነውን ልንገርዎ።

የጎረቤታችን የእትዬ ልጅ ጅዳ ናት፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ስልክ የምትይዘው ዓርብ ዓርብ፣ አንድ ሰዓት ያህል ነው። እስካሁን በኔ ሞባይል ዳታ "ሃሎ፣ ይሰማል?" እየተባባሉ ነበር ሰዓቷ የምታልቀው። እኔ ጉረኛው ታዲያ "እትዬ፣ በዚህ ዓርብ በትልቁ ቴሌቪዥን ነው የሚያይዋት፣ ጥርሷ ሳይቀር ይቆጠራል" አልኳቸው። ለአፍ ዳገት የለውም፣ ደሴም ቢሆን።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቤታችን ሞላ። ቄጤማ ተጎዘጎዘ፣ ዕጣን ጨሰ፣ አቦል ተቀዳ። እትዬ ለኢድ የሚያስሩትን ሻሽ አስረው ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። ዱአ ተደረገ፤ ለልጅቷም፣ ለፋይበሩም። ጉሙ ወርዶ ስለነበር አንዱ "ብርድ ገባ" ብሎ በሩን ዘጋው። ደወልን።

ብቅ አለች። እውነትም ጥርሷ ይቆጠር ነበር። "እማ፣ ከስተሻል" አለች። እትዬ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ልጅቷ ቀጥ አለች። አፏ እንደተከፈተ፣ አንድ ዓይኗ እንደተጨፈነ።

ክቡርነትዎ የበሩት ያኔ ነው። አክስቴ "ይኸው በራ!" ብላ አጨበጨበች።

እትዬ አልገባቸውም። ለቆመው ፊት ማውራታቸውን ቀጠሉ። እህቷ መውለዷን ነገሯት። ጉልበታቸው ሻል እንዳለው ነገሯት። "ምነው ዝም አልሽኝ?" አሉ። ተነስተው በመዳፋቸው ጉንጯን ዳበሱት፣ የቴሌቪዥኑን መስታወት ማለቴ ነው። ሰው ሁሉ ሲኒውን ያያል። እኔ በአንድ ጆሮዬ የጥሪ ማዕከሉን ሙዚቃ እየሰማሁ ሞደሙን አጠፋለሁ፣ አበራለሁ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ አነሳችና "ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት" አለችኝ። አሥራ አንደኛዬ ነበር። ጥቅል ገዝቼ በሞባይሌ ስገባ የጠበቀን አንድ የድምፅ መልእክት ብቻ ነው። "እማ፣ ጠሩኝ።"

አንተ ቀይ! ሴትዮዋ በሳምንት ያለቻቸው አንዲት ሰዓት ናት። እሷኑ በላህባቸው! የትኛው ቅጽ ላይ ነው የምትሞላው ያቺ ሰዓት? ክፍያ አንድ ቀን ስናሳልፍ እኛ እንቆረጣለን። ለዚያች ሰዓት ማን ይቆረጣል?

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። ወደ አክብሮቴ ልመለስ።

ቢሉ ቅዳሜ ጠዋት በመልእክት ደርሶናል። በየት በኩል እንደሚመጣ ባውቅ በዚያው እገባ ነበር።

ሰኞ ሞደሙን በፌስታል አንጠልጥዬ ቢሮ ሄድኩ። ወረፋውን ያውቁታል። ሲስተም አልነበረም፣ እሱንም ያውቁታል። ሲስተም ሲመጣ መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት ስክሪኑን አየና "በእኛ በኩል ይሠራል" አለ።

"በእኛ በኩል ግን አይሠራም።"

"እንግዲያው ችግሩ እናንተ ጋ ነው። የሆነ ነገር ደርባችሁበታል?"

መዋሸት አልችልም። "እናቴ ዳንቴል አልብሳዋለች" አልኩ። ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም፣ ጻፈው። ምክንያት፦ ዳንቴል።

ማታ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ የሚማረው የአክስቴ ልጅ መጣና ገመዱን በእጁ እየተከተለ በሩ ጥግ ደረሰ። ባለሙያዎቹ እዚያ ጋ እጥፍ አድርገው በሚስማር ቸንክረውታል። "ውስጡ የብርጭቆ ክር ነው፣ የሚሄድበትም ብርሃን ነው" አለን። "ከልክ በላይ ከታጠፈ ብርሃኑ ያመልጣል።" አይሱዙ በሐረጎ ኩርባ እየተጠማዘዘ ደሴ ይወጣል፤ ብርሃን ግን አይችልም። በሩ ሲዘጋ ደግሞ እጥፋቱን ይጨምቀዋል። ዓርብ ዕለት ያ ብርድ ገባ ያለው ሰውዬ ማን እንደነበር ማንም አያስታውስም። እኔ ነበርኩ።

"ታዲያ ፍታው" አልኩት። ክሩ አሁን ተሰብሯል አለኝ፣ መቀጠያ ማሽኑም ያለው ባለሙያዎቹ ጋ ነው።

ክቡርነትዎ፣ በቤት ስልክ መስመር ይገባ የነበረው የድሮ ኢንተርኔት፣ ዳያልአፕ፣ ናፈቀኝ ብል ይስቁብኝ ይሆናል። ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎ ቢት ነበር። ባለ 5 ሜጋ ባይት ዘፈን ለማውረድ ሁሉ ነገር ቢሳካ እንኳ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፣ እስከዚያው የቤቱ ስልክ ተይዟል። ሲገባ እንደሚጎተት በግ እየጮኸ ነበር። ግን ይገባል። ሲቋረጥም ጥፋተኛው አይጠፋም፣ እናቴ ለአክስቴ ልትደውል ስልኩን አንስታ ነው። ቅጽ አያስፈልገውም፣ "እማዬ ዝጊው!" ይበቃል። አሁን የሸጡልን ባለ 10 ሜጋ ነው። ቢት ነው እንጂ ባይት አይደለም፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ነውና ለስምንት ማካፈሉን ለእኛ ትተውታል።

ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ አይጠየፍ ይባላል፣ ደሃ ሀብታም ሳይል ሁሉን ያበላ ስለነበር። እኛ እዚያው ከተማ ነን፤ አረንጓዴው መብራት ግን ተጠየፈን።

ባለሙያ ሐሙስ ይመጣል ተብሏል። የትኛው ሐሙስ እንደሆነ አልተባለም። እትዬ ዛሬ ጠዋት ብቅ ብለው ዳንቴሉን ገለጥ አድርገው አዩዎት። "ዛሬም ቀይ ነው?" አሉ። ሻሻቸውን አጥበው አስጥተውታል።

ከሰላምታ ጋር፣
ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ

ግልባጭ፦ ለዳንቴሉ፣ እንዲያውቀው