ክፍት መኪና በሯ ወልቆ ቦዲዋ አይነሳም

ወንድሜ፣ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ለቆመችው ክፍት መኪና፣ ለትራያምፍ ቲአር6፣ «በሮቿን አውልቁ፣ ቡሎን ፍቱ፣ ቦዲዋን አራት ሰው ያነሳዋል» ብለሃል። በየጋራዡ የሚባል ነገር ነው፤ ግን ስህተት ነው። መኪናዋ ስለምታሳሳኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቦዲዋ ሻንሲው ላይ፣ ማለትም ከስር በሚሸከመው የብረት አጽም ላይ፣ በቡሎን መታሰሩ እውነት ነው። ችግሩ ጣሪያ የላትም። ፊትና ኋላዋን የሚያያይዘው ወለሉና ከበሩ ስር ያለው ላሜራ ነው። ቶሎ የሚዝገውም እሱ ነው፤ የጅማ ዝናብ ደግሞ ይብስበታል። ሳይደገፍ ከተነሳ ቦዲው መሃሉ ላይ ይጎብጣል፤ በሩ ተመልሶ አይገጥምም። በያጁ እንደጎበጠ ከበየደውማ አለቀ!

መጀመሪያ ሻንሲው ላይ እንዳለች በሮቹን ግጠሙ። ክፍተታቸው ላይና ታች እኩል መሆኑን እዩ። ከበሩ ስር ያለውን ላሜራ ዝገት እዚያው ጠግኑ። ከዚያ በሩ ከሚታጠፍበት ምሰሶ እስከ ኋላው ምሰሶ ቱቦላሬ ይበየድ፤ ግራና ቀኙንም አግዳሚ ያያይዘው።

ኤምጂቢ የምትባለውን ሌላ መኪና ቦዲዋ ይነሳል ብለህ በምሳሌነት መጥቀስህም አያስኬድም። እሷ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ስትሠራ ለብቻው የሚፈታ ሻንሲ የላትም፤ ቦዲዋ ራሱ ሻንሲዋ ነው።

ቱቦላሬውን ደግሞ ቦዲው ተመልሶ ሳይታሰር እንዳትቆርጡት።